ከሳጥኑ ወዲያ

ደወሉ ሊያደርሰው ያልቻለውን መርዶ ልጅቷ በእግሯ ሮጣ አደረሰችው።

እሑድ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ኢንስፔክተሯ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን በተከፈተ መሳቢያ ላይ ሰቅላ፣ በረድ ያለ ሻይዋን ፉት እያለች ጋዜጣ ታገላብጣለች። ፊት ለፊቷ የተሰቀለው ስክሪን የመድኃኒት መጋዘኑን በአረንጓዴ መብራት ያሳያል፤ ደወል እስካልደረሰው ድረስ «ሰላም ነው» ማለቱ ነው። በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተና አንዲት ሴት ገባች። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። የምሳ ዕቃ አንጠልጥላለች፤ ክዳኑ ተከፍቶ ምግቡ ቀሚሷ ላይ ተደፍቷል።

«አባቴን ገደሉት!» አለች። «እዚህ አፍንጫችሁ ሥር! እናንተ ቁጭ ብላችሁ!»

ኢንስፔክተሯ ጫማዋን በወጉ እንኳ ሳታጠልቅ ወጣች። መጋዘኑና ጣቢያው ሰው ቢጣራ የሚሰማሙ ናቸው። ሽማግሌው ጥበቃ ከጠረጴዛው አጠገብ በደረቱ ተደፍቷል፤ ማጅራቱን በብረት መትተውታል። ቀኝ እጁ ወደ ላይ ተዘርግቷል፤ አውራ ጣቱ ከጠረጴዛው ሥር በተደበቀችው የአደጋ ደወል ቁልፍ ላይ እንደተጫነ ቀርቷል። ቀዝቃዛው ክፍል ወለል ብሎ ተከፍቷል። የስኳር በሽታና የካንሰር መድኃኒት የነበረበት መደርደሪያ ተጠርጎ ተወስዷል።

«ደወሉን ተጭኖታል፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ፣ ረዳቷ።

«ዓይን አለኝ።»

«ታዲያ እኛ ጋ ለምን አልደረሰም?»

ሽማግሌው «ድረሱልኝ» እያለ ያችን ቁልፍ ሲጫን እሷ እግሯን ሰቅላ ሻይ ስትጠጣ ነበር። ይህን ስታስብ ደሟ ፈላ፤ በራሷም፣ በዚያ አረንጓዴ መብራትም፣ ይህን ባደረገው ሰውም። ባልደረቦቿ በሌለችበት «እሾህ» ይሏታል፤ ያን ዕለት ግን በፊቷም ሊሏት ይችሉ ነበር፣ ግድ አልነበራትም።

ብዙም ሳይቆይ የመጋዘኑ የኔትወርክ ኃላፊ መጣ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ፕሮፌሰር» ይለዋል፤ ዲግሪው ስለበዛ ሳይሆን የሰው ንግግር ሳያርም ስለማያልፍ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ እጅጌው ላይ ክሬም አለ።

«ከልጄ ልደት ላይ ነው ጠርታችሁ ያመጣችሁኝ» አለ። «የኬክ ነው፣ ይቅርታ። ወንድሜ ኬክና አይስክሬም ቤት አለው፤ እሱ ነው የላከልን።»

«ደወሉ ለምን አልደረሰንም?»

«ሁለት መስመር አለን። ዋናው በመሬት ውስጥ የሚሄድ የመስታወት ገመድ ነው። ሁለተኛው ቀርፋፋ ነው፤ በአየር፣ በአንቴና። ዋናው ገመድ ዛሬ ተቆርጧል። የጥገና ሰዎች አውራ ጎዳናው ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ አግኝተውታል። ሲቆረጥ ሁለተኛው መነሳት ነበረበት። አልተነሳም።»

«ለምን?»

«ያዘጋጀውን ሰው ይጠይቁት። ሽቦ የምንለው ቴክኒሻን ነበረን፤ አባረነዋል። መንገድ የሚያሳየውን ማሽን፣ ራውተሩን፣ ያዘጋጀው እሱ ነው። ራውተሩ ከከተማው ማዶ ያለ አንድ ማሽን እስከሰማ ድረስ ብቻ "መውጫው በእኔ በኩል ነው" እንዲል አድርጎታል። ገመዱ የትም ይቆረጥ የት፣ ያ ድምፅ ሲጠፋ ራውተሩ ዝም ማለትና ለሁለተኛው መስመር መልቀቅ ነበረበት። አልለቀቀም። ሽቦ ከሄደ ወዲህ ደግሞ ማንም አልነካውም።»

«ራውተሩን ላየው እፈልጋለሁ።»

«አሁን ቢያዩት ምንም የለበትም። አገልግሎት ለመመለስ አጥፍቼ ከባዶ ጫንኩት።»

ኢንስፔክተሯ አፈጠጠችበት። «ሬሳ ሳይነሳ ማስረጃ ደመሰሱ?»

«መድኃኒት የሚጠብቁ ሆስፒታሎች አሉ፣ ኢንስፔክተር። እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት» አለ፣ ክሬሙን በጥፍሩ እየፋቀ።

የሟቹ ልጅ መጋዘኑ በር ላይ መሬት ተቀምጣ ነበር። በየሳምንቱ እሑድ ለአባቷ ምሳ የምታመጣ እሷ ናት። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እህቴ፣ አባትሽ ከማን ጋር ተጣልቶ ያውቃል?»

ሴትዮዋ የምሳ ዕቃውን ክዳን አንስታ ገጠመችው። ከዚያ ከጉሮሮዋ የሚወጣው ድምፅ የራሷ አይመስልም ነበር።

«ከባሌ ጋር። ባሌ እዚህ ነበር የሚሠራው። ሽቦ ይሉታል። ከተባረረ በኋላ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ካልገባሁ አለ። አባቴ እንዳታስገባ ስለተባለ ከለከለው። ጮሁ። አጠገባቸው ነበርኩ። ባሌ ምን አለው መሰለዎት?» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «"ጉድ ሲመጣ ያ ደወል አያድንዎትም!" አለው። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ እኮ የዚህ ሰው ሚስት ነኝ! አባቴን የገደለው ባሌ ከሆነ እኔ የት እገባለሁ?»

ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ እግር ሄደ። ጎዳናው ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ጫማ የሚጠርግ ሰው የጉድጓዱን ክዳን አንስቶ የገባ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ ሰው አይቷል። ፊቱን አላየም፤ ሰደርያ የለበሰን ሰው ማን ፊቱን ያያል? ሽቦ ቤት ሲፈተሽ ከመሥሪያ ቤቱ ያልመለሰው ብርቱካንማ ሰደርያ ተገኘ። እሑድ የት እንደነበረ ሲጠየቅ «ወንዙን ይዤ ብቻዬን ስሄድ ነበር» አለ። ያየው ሰው የለም።

የጣቢያው አለቃ ኮማንደሩ እጁን አፋተገ። «በቃ! ሐሙስ ለዐቃቤ ሕግ እናስረክበዋለን።»

«ጌታዬ፣ መድኃኒቱ የት ሄደ? አብረውት የነበሩት እነማን ናቸው? አንድ ሰው ያን ሁሉ ካርቶን…»

«ሚስቱ መስክራበታለች፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ነገር አታብዢ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮማንደሩ ደግሞ በአንድ እጁ ወረቀት የያዘ ነው። ኢንስፔክተሯ ጥርሷን ነክሳ ሰላምታ ሰጥታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ የቆሻሻ ቅርጫቱን በእርግጫ አለችው።

መጀመሪያ ሳጅኑ «አይጥ» የሚባለውን ገመድ ሌባ አንገቱን ይዞ አመጣላት። ከተማው ውስጥ ገመድ ከተቆረጠ አይጥ ይታሰራል፤ ደንብ ሆኗል።

አይጥ የተቆረጠውን ቁራጭ አገላብጦ አየና ተቆጣ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ መስታወት ነው! መዳብ የለውም፣ ነሐስ የለውም። ማን ይገዛኛል? ሌባ በሉኝ ግድ የለም፤ ሙያዬን ግን አታዋርዱብኝ!»

«እሑድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ!»

«እዚሁ የት?»

«እዚሁ ጣቢያ! ቅዳሜ አስራችሁ ሰኞ ለቀቃችሁኝ። ሳጅኑ ራሱ ነው ቁርስ የነፈገኝ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሳጅኑ ዞረች። ሳጅኑ ጣሪያውን አየ።

ቀጥሎ የመጋዘኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። እሑድ ተረኛ ነበር፤ አሞኛል ብሎ ቀረ፤ ሽማግሌው ብቻውን የቀረው በዚያ ምክንያት ነው። «ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ነበርኩ» አለ። ግራ ዓይኑ ግን አብጦ ተዘግቷል።

«አልጋው ነው የመታህ?»

«ወደቅሁ።»

«ጎረቤትህ ጠዋት ፊሽካ አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ስትወጣ አይታሃለች።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «ኳስ ሳጫውት ነበር። ዳኛ ነኝ፣ በትርፍ ጊዜ። ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቼ ነው የመቱኝ። ሁለቱንም ቡድን ይጠይቁ፤ ሁለቱም ይጠሉኛል።» ከዚያ ያበጠ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። «እዚያ ብሆን ኖሮ ሁለት እንሆን ነበር። አይደል?»

«አዎ» አለች ኢንስፔክተሯ። ልታጽናናው አልፈለገችም። «ሁለት ትሆኑ ነበር።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሁሉንም ትታ ወደ ጉድጓዱ ሄደች። አውራ ጎዳናው ላይ ነው፤ መኪናው ይርመሰመሳል፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሕዝብ ዓይኑን ይተክላል። ክዳኑ ከባድ ብረት ነው። ሳጅኑ «ግዴለም እኔ ልግባ» ሳይል እሷ ገባች። ጭቃና እጣቢ ጉልበቷ ድረስ መጣ፤ ሽታው አያድርስ ነው። ገመዱ ከጥግ፣ ሦስት ቱቦ ከተሸከመ ብረት ኋላ ነው የተቆረጠው። ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ ነው የደረሰችበት።

ወጥታ ገመዱን ተከትላ ሄደች። ከጉድጓዱ ተነስቶ በመሬት ውስጥ ከመጋዘኑ ኋላ ወዳለች ጠባብ ቅያስ ይሄዳል። እዚያ ምሰሶ ላይ ግራጫ ሳጥን አለ፤ የስልክ ድርጅቱ ነው፤ ትንሽ መብራት አለችው። ከሳጥኑ ሌላ ገመድ ወጥቶ በአጥሩ ላይ አልፎ ወደ መጋዘኑ ይገባል። ይህኛው ረግቦ ደረቷ ላይ ደርሷል፤ አንዲት ጎረቤት አንሶላ አስጥታበታለች። ከአጥሩ ውጭ ነው። ከጎረቤቷ በቀር በቅያሷ የሚያልፍ የለም።

ኢንስፔክተሯ ከእጣቢው እየተንጠባጠበች ያንን ገመድ በሁለት ጣቷ ያዘችው። መቀስ ብቻ ይበቃ ነበር።

«ሳጅን፣ አንተ ብትሆን የቱን ትቆርጥ ነበር?»

«ይሄንን ነዋ! እዚያ ሕዝብ መሀል እጣቢ ውስጥ ምን አስገባኝ?»

«እኔንም እሱ ነው የቸገረኝ» አለች።

ሽቦ ቀጭን ነው፤ ቅጽል ስሙ ከሥራው ይሁን ከሰውነቱ አይታወቅም። ሲያስገቡት ቀበቶውን ስለወሰዱበት ሱሪውን በእጁ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«"ያ ደወል አያድንዎትም" ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«አያድናቸውም ማለቴ ነዋ! እንዲጠነቀቁ ነው የነገርኳቸው! ካላስገቡኝ፣ ካላየሁት፣ እንዳያምኑት ነው የጮህኩት። እኔ እንደ አባቴ ነው የማያቸው። ማነው ዛቻ ነው ያለው?»

«ሚስትህ» ልትለው አፏ ላይ መጣና ዋጠችው።

«ለምን አታምነውም ነበር? ከመጀመሪያው አስረዳኝ። እኔ ይህን ነገር አላውቀውም፤ አታድክመኝ፣ በሰው ቋንቋ ንገረኝ።»

ሽቦ ሱሪውን ሳይለቅ በአንድ እጁ ማስረዳት ጀመረ። «መጋዘኑ ውስጥ ያሉት ማሽኖች ውጭውን አያውቁትም። ራውተሩ ነው "የማታውቁትን ሁሉ ወደ እኔ ላኩ፣ መውጫው በእኔ ነው" የሚላቸው። ያምኑታል፤ ይልካሉ። ትልቁ ጣጣ እሱ ራሱ መውጫ ሳይኖረው ኑ ካለ ነው። የላኩለት ሁሉ ገደል ይገባል። ቤት ሳይኖረው እንግዳ ጠርቶ ሜዳ ላይ እንደሚጥል ሰው ማለት ነው። ስለዚህ እኔ "ከሆነ" የምትል ቃል አስገባሁበት። ከከተማው ማዶ ያለውን ማሽን የምትሰማው ከሆነ ኑ በል። ካልሰማህ አፍህን ዝጋ፣ ለሌላው ልቀቅ።»

«እሺ።»

«መስመሩ ግን ሩቅ ቦታ ላይ አንዳንዴ ብልጭ ድርግም ይላል። ያኔ ራውተሩ ዝም ይልና ሁሉ ነገር ለትንሽ ጊዜ ወደ ቀርፋፋው መስመር ይሄዳል። ሥራ አስኪያጇ በዚህ ትጨቃጨቃለች፣ ቀይሩት ትላለች። እኔ እምቢ አልኩ። ተባረርኩ። ከዚያ አንድ ቀን ቤት ምሳ ስንበላ አማቴ "ያ ብልጭ ድርግም የሚለው ነገራችሁ እኮ ጨርሶ ተወው" አሉኝ። መስመሩን ማንም አልጠገነም። ታዲያ እንዴት ተወ? ጠረጠርኩ። አንዱ "ከሆነ" የሚለውን ነክቶታል አልኩ።»

«ነክቶ ምን ያደርገዋል?»

«ሩቁን መስማት አስትቶ ምሰሶው ላይ ያለውን ሳጥን ብቻ እንዲያይ ያደርገዋል። ሳጥኑ በርቶ ካየ አለሁ ይላል። ከሳጥኑ ወዲያ ያለው ዓለም ቢቃጠል አያውቅም።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። «ስማኝ። ገመዱ ጉድጓድ ውስጥ ቢቆረጥና የልብስ ማስጫው ቢቆረጥ፣ ልዩነት አለው?»

«እኔ እንዳዘጋጀሁት ከሆነ ምንም። የትም ይቆረጥ ያው ነው፤ ሁለተኛው ይነሳል። ሰው ነክቶት ከሆነ ግን…» ቆም አለ፤ ገባው። «ሰው ነክቶት ከሆነ የልብስ ማስጫው ቢቆረጥ ራውተሩ ሳጥኑን ስለሚያጣው ሁለተኛው ይነሳል። ደወሉን አፍኖ የሚያስቀረው ከሳጥኑ ወዲያ መቁረጥ ብቻ ነው። ጉድጓዱ።»

«ይህን ስትነግረኝ ገመዱን አንገትህ ላይ እያጠበቅክ እንደሆነ ታውቃለህ? ጠርጥሬ ነበር ብለሃል። ስለዚህ ጉድጓዱን መምረጥ ትችል ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ሽቦ። «ግን እውነቱ እሱ ነው። ምን ላድርግ?»

ሥራ አስኪያጇ ቢሮዋ ውስጥ ሦስት ስልክ ደርድራ በሁሉም ትጮኻለች። ኢንስፔክተሯ አንዱን አንስታ ዘጋችው።

«ያ ብልጭ ድርግም መቼ ነው የተወው?»

«ሽቦ ከሄደ በኋላ! ተገላገልን እኮ። ፕሮፌሰሩን ለሥራው አመስግኜዋለሁ።»

«እሱ ነው ያስተካከለው?»

«ታዲያ ማን ነው የሚያስተካክለው? እኔ እንደሆነ ቴሌቪዥንም በወጉ አልከፍትም።»

«ገመዱ ቅያሷ ውስጥ ቢቆረጥና ጎዳናው ላይ ቢቆረጥ ልዩነት አለው?»

«ምን ልዩነት አለው? መቆረጥ መቆረጥ ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ወደ ስልኳ እየተመለሰች።

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። ፕሮፌሰሩ «ማንም አልነካውም» ብሏት ነበር። ግን ያ ብቻውን ምን ይሆናል? መስመሩ ራሱ ተሻለ ሊል ይችላል። ልደት ላይ ነበርኩ ሊል ይችላል፤ ነበርም፤ ቤት ሙሉ ሰው አይቶታል። ኮማንደሩ «ነገር አታብዢ» ይላታል፤ ሽቦም ሐሙስ ይሄዳል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። የሰውየው አፍ ራሱ ካልተናገረ ሌላ የሚናገር የለም።

ረቡዕ ጠዋት በትሕትና አስጠራችው። ወንበር አስቀመጠችለት፣ ሻይ አስመጣችለት። ሳጅኑ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል።

«ፕሮፌሰር፣ እኛ ይህን ነገር አናውቀውም። ቃልዎን እንደ ባለሙያ እንመዘግብና ይፈርሙልናል፤ ነገ ከተጠርጣሪው ጋር ይሄዳል።»

«ደስ ይለኛል» አለ፣ እግሩን አጣምሮ።

ኢንስፔክተሯ ጮክ ብላ አነበበች። «"ተጠርጣሪው ከምሰሶው ሳጥን ወደ መጋዘኑ የሚገባውን፣ ጎረቤት ልብስ የሚያሰጣበትን ገመድ በመቁረጥ…"»

«ስህተት ነው። የተቆረጠው ጎዳናው ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው።»

«ውይ፣ እውነትዎን ነው። ያው ነው እንግዲህ።»

«ያው አይደለም።»

«ገመድ ገመድ ነው፣ ፕሮፌሰር። እዚህ ቆረጡት እዚያ ቆረጡት፣ መቆረጡ አይቀር። ሳጅን፣ እንዳለ ተወው። ይህን ሁሉ ማን ያነበዋል?»

«እሺ፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ።

«እንዴት እንዳለ ተወው!» ፕሮፌሰሩ ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ ቀላ። «ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው! ሰው ምን ይለኛል? አየሽ፣ ያንን የልብስ ማስጫ ቢቆርጡት ኖሮ ራውተሩ ሳጥኑን ያጣዋል፤ ወዲያው ዝም ይላል፤ ሁለተኛው መስመር ይነሳል፤ ደወሉም እናንተ ጋ ይደርሳል። ከሳጥኑ ወዲያ ሲቆረጥ ግን ሳጥኑ መብራቱን አብርቶ ይቀመጣል፤ ራውተሩም ምንም አያውቅም፣ መውጫው በእኔ ነው እያለ ሁሉን ወደ ራሱ ይጠራል። የሰማይና የምድር ያህል ነው ልዩነቱ! እንዴት ይሄ አይገባሽም?»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። ሳጅኑ መጻፉን አቆመ። ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«እሑድ ዕለት ምን ነበር ያልከኝ?» አለች። አንቱታውን ትታዋለች። «"የትም ይቆረጥ የት፣ ድምፁ ሲጠፋ ዝም ማለት ነበረበት። ማንም አልነካውም።" ሳጅኑ ሰምቷል፣ እኔም ሰምቻለሁ። ሽቦ እንዳዘጋጀው ከሆነ ቅያስና ጎዳና ያው ነው። የሰማይና የምድር ያህል የሚለያየው ራውተሩ ሳጥኑን ብቻ እንዲያይ ለለወጠው ሰው ነው። ማን ለወጠው?»

ፕሮፌሰሩ ተቀመጠ። ከንፈሩን አረጠበ። «ለ… ለፍጥነት ብዬ… ሥራ አስኪያጇ…»

«ለፍጥነት ከሆነ ለምን ካድከኝ? ለምን ሬሳው ሳይነሳ ደመሰስከው?»

«እኔ ልደት ላይ ነበርኩ! ስንት ሰው አይቶኛል!»

«አንተማ ነበርክ። ወንድምህስ? ኬኩን ላከው አልክ፤ ለወንድሙ ልጅ ልደት ራሱ ሳይመጣ ኬክ የሚልክ አጎት ምን ሥራ ይዞት ነው?» ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው፤ ሻዩ ተደፋ። «እኔ ያኔ የት እንደነበርኩ ታውቃለህ? እዚህ! እግሬን ሰቅዬ! ሽማግሌው ጣቱን ጭኖ፣ መጡልኝ አልመጡልኝ እያለ፣ ማጅራቱን ሲሉት እኔ ጋዜጣ ሳነብ ነበር! አንተ ነህ እንዳልሰማ ያደረግከኝ! አንተ! የሰው ልጅ ነህ?»

ፕሮፌሰሩ ምንም አላለም። በሕይወቱ አንድ ነገር ሳያርም ሲያልፍ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

የስኳር በሽታ መድኃኒት ያለ ቅዝቃዜ ይበላሻል። ሳጅኑ ሁለት ሰው ይዞ ወደ ወንድምዬው አይስክሬም ቤት ሄደ። በቀዝቃዛው ክፍል፣ ከወተት ሣጥኖች ሥር፣ ካርቶኖቹ ተደርድረው ተገኙ። ከማድቤቱ ኋላ ብርቱካንማ ሰደርያ ነበር፤ እጣቢው ደርቆበት ገና ይሸታል። ወንድምዬው ስለ ራውተር አንድ ነገር አያውቅም። «የጉድጓዱን ቁረጥ፣ የቅያሱን እንዳትነካ አለኝ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም» አለ። ሽማግሌውን የመታው ካርቶኖቹን አብሮት የጫነው ሾፌሩ ነው ብሎ ማለ፤ ሾፌሩ ሲያዝ ደግሞ ወንድምዬው ነው ብሎ ማለ። እርስ በርስ ሲባሉ ማደር የእነሱ ፋንታ ነው።

ኮማንደሩ ኢንስፔክተሯን ኮሪደር ላይ አገኛትና ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። «ጎበዝ! እኔም እኮ መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር። ጋዜጠኞች ጠርቻለሁ፤ ፀጉርሽን አስተካክዪ።»

«ነገ ንጹሕ ሰው ልናስረክብ ነበር፣ ጌታዬ» አለች።

«አላስረከብንማ!»

ከዚያ በላይ ብትቆም የማይሆን ነገር ከአፏ እንደሚወጣ ታውቃለች፤ ትታው ሄደች።

ሽቦን የፈቱት ሐሙስ ጠዋት ነው። ሚስቱ ጥቁሯን ለብሳ ጣቢያው በር ላይ ቆማለች። ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ነግራታለች፤ ደወሉንም፣ «አያድንዎትም» ያለበትንም ምክንያት። ሴትዮዋ መሀረቧን በጥርሷ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰምታለች።

ሽቦ ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ በእጁ ይዞ ወጣ። ሚስቱን አየና ቆመ።

«አንተ ነህ ብያቸው ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ያሳሰርኩህ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሌላ ሰው ብሏቸው ቢሆን ይሻል ነበር… እኔ ግን የሰማሁትን ነው ያልኩት። አባቴ መሬት ላይ ተጋድሞ…»

«ሰምቻለሁ አልኩሽ» አለ በቁጣ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት፤ ተወው። ቀና ሳይል «ማን ተሸከማቸው?» አላት።

«እ?»

«ሲቀበሩ። ሬሳቸውን ማን ተሸከመ?»

ሴትዮዋ እንባዋ ወረደ። «ጎረቤቶች።»

«ወንድ ልጅ የላቸውም። ከፊት መሆን ያለብኝ እኔ ነበርኩ» አለ። ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ። «ይገባዎታል? እኔ ነበርኩ። ዕቃ ይመስል ባዕድ ተሸክሞ ቀበራቸው፤ እኔ እዚህ ሱሪዬን ይዤ ቁጭ ብዬ።»

ኢንስፔክተሯ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ሽቦ እጁን አነሳ።

«ይያዙት። ለእኔ አይሆነኝም።»

ተነሳ። ማሰሪያው ያልታሰረ ጫማውን እየጎተተ ወደ ሚስቱ ሄደ፤ ያን ዕለት ስትሮጥ ከእግሯ የወለቀው ጫማ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በነጠላ ጫማ እንደቆመች አየ። ክንዷን ያዘ።

«መቃብሩ የት እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አላት። «ምሪኝ።»

እሷ ቀደመች፤ እሱም ተከተላት።